ከማሰሪያ አንቀጹ ጀምሩ፦ የተፎካካሪ ፓርቲዎችን ንግግር በድሬዳዋና በሐረር እንዴት እናነጻጽር?

የሁለት ፓርቲ ተናጋሪዎችን ሰምቶ የሚወጣ ሰው ይዞ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ የተወረወረችውን ነቆራ፣ የተተረተውን ተረት፣ ጭብጨባው የደመቀበትን ቦታ። ሦስቱም ለማነጻጸር ብዙ አይረዱም። ነቆራውም ተረቱም ከአንድ ጎተራ ነው የሚዛቀው፤ ገዥውም ተፎካካሪውም እኩል ይጠቀሙበታል። ልዩነቱ፣ አንዳንዴም ተደብቆ የሚኖረው መመሳሰል፣ ያለው ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ነው። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ይገፋል፤ ማን እንደሚያደርግ፣ መቼ እንደሚያደርግ፣ ጨርሶ የሚያደርግ ሰው ይኑር አይኑር የሚታወቀው ማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ) ላይ ሲደረስ ነው። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከማሰሪያ አንቀጽ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል።

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሆኑ ሁለት ንግግሮች፣ ሁለት ሰዎች (ቢቻል የፖለቲካ ዝንባሌያቸው የማይገጥም)፣ ድምፅ ወደ ኋላ እየመለሰ የሚያሰማ ስልክ፣ በኤክሴል ወይም በወረቀት የተሠመረ ሠንጠረዥ። አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል።

ጥንዱን መምረጥ

ብዙው ሥራ የሚበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፓርቲ በስታዲየም ሲቀሰቅስ የተናገረውን ከሌላው የአዳራሽ ውይይት ጋር ካጋጠማችሁ የምታገኙት የስታዲየምና የአዳራሽ ልዩነት ነው። ጥንድ የሚባለው ቢያንስ አራት ነገር ሲገጥም ነው፦ አጋጣሚው፣ አድማጩ፣ ጊዜው፣ ንግግሩ ተጽፎ የተነበበ ወይም በቃል የተነገረ መሆኑ። አራቱን በአንድ ላይ የሚያሟላው የምርጫ ክርክር ነው፤ ጥያቄው አንድ፣ ደቂቃው የተለካ፣ ተናጋሪዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። ክርክር ካልተገኘ የቅስቀሳ መክፈቻ ንግግሮችን ውሰዱ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፉ የፓርቲ መልእክቶችን ስታነጻጽሩ ግን የአየር ሰዓት ድልድሉ ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ አስታውሱ፤ ሃያ ደቂቃ ያለው ያብራራል፣ አራት ደቂቃ ያለው መፈክር ያሰማል፤ ይህ የፓርቲው ጠባይ ሳይሆን የሰዓቱ ጥበት ነው።

በፌስቡክና በቲክቶክ የሚዞረውን ቁራጭ ለጥንድነት አትመኑት። ቁራጩን የቆረጠው ወይ ደጋፊ ነው ወይ ተቃዋሚ፤ ሁለቱም የሚቆርጡት ጭብጨባ ያለበትን ነው።

በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድሬዳዋ ድምፅ የሰጠችው ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲሆን ሐረሪ ክልል የሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። በመካከሉ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2013፣ የአብዛኛው አገር ውጤት ይፋ ሆኗል። ስለዚህ በግንቦት 2013 ድሬዳዋ ላይ የተነገረውንና በዚያው ዓመት ጳጉሜን ሐረር ላይ የተነገረውን እንደ ጥንድ መያዝ አይቻልም፤ የሐረሩ ተናጋሪ በፌዴራል ደረጃ ማን እንዳሸነፈ አውቆ ነው የሚናገረው። ድምፀቱ የለዘበ ወይም የመረረ ቢሆን ምክንያቱ ፓርቲው ላይሆን ይችላል።

ሐረር ላይ አድማጩንም ለዩ። የክልሉ ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ አለው፤ 14 መቀመጫ ያለውን የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የሚመርጡት ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትን ጨምሮ የሐረሪ ተወላጆች ናቸው፤ 22 መቀመጫ ያለውን የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ደግሞ ሌላውም ነዋሪ ይመርጣል። ለመጀመሪያው የሚወዳደር ሰው ስለ ጀጎል፣ ስለ ቋንቋና ስለ ቅርስ አብዝቶ ቢናገር ስለ ሥራ አጥነት ግድ የለውም ማለት አይደለም፤ አድማጩን እያየ ነው።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ከ600 ቃል ያነሰ ንግግር አትቁጠሩ። 200 ቃል ባለው ቁራጭ ውስጥ አንዲት ቃል አንድ ጊዜ ብትጨመር በሺህ ቃል 5 ታመጣለች፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ምንም አይናገርም።

ድምፁን ወደ ወረቀት

የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ የአሥር ደቂቃው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በራሱ የሚገለብጥ ሶፍትዌር ለረቂቅ ያግዛል፤ ተናጋሪው ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሶማልኛ በተሻገረ ቁጥር ግን ያልተባለ አማርኛ ይፈጥራል። ስለዚህ ረቂቁን ከድምፁ ጋር ቃል በቃል አስታርቁት። የተሳሳተ ሰዋስው አታርሙ፤ «እ...» እና የተቋረጠ ሐረግም ይቆይ። ጭብጨባን፣ እልልታን፣ ሳቅንና ፉጨትን በቅንፍ ጻፉ፤ ከጎኑ ደቂቃውን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በተለይ ይጠንቀቁበታል። የመጀመሪያው ጭብጨባው ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሕዝቡ ስሙን ሰምቶ ያጨበጭባል፣ ግሡ በጭብጨባው ይዋጣል። «ለድሬ ወጣት አሥር ሺህ የሥራ ዕድል...» ሲባል አዳራሹ ይናወጣል፤ «እንፈጥራለን» ይበል፣ «ለመፍጠር ታቅዷል» ይበል፣ «ያስፈልጋል» ይበል አይሰማም። በሌላ አቅጣጫ የተቀረጸ ድምፅ ፈልጉ። ካልተገኘ «አልተሰማም» ብላችሁ ጻፉ፤ በግምት አትሙሉት። ሁለት ደጋፊዎች ሁለት የተለያየ ግሥ እንደሚሞሉበት እርግጠኛ ሁኑ።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉድለት ነው፤ መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ይሠራል» የሚለው «ሠ» ላልቶ ሲነበብ የሚሠራ አካል አለ፤ ጠብቆ ሲነበብ ሥራው እንደሚሠራ እንጂ ማን እንደሚሠራው አይታወቅም። «ይሰማል»ም እንደዚሁ ነው። የኛ ማነጻጸሪያ የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ስለሆነ ጋዜጣ ላይ የወጣ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ድምፁን ስሙና ከጠበቀው ፊደል በላይ ነጥብ አድርጉ፤ በስልክ ከሆነ የምትጽፉት ከግሡ አጠገብ «ጠ» ብላችሁ ምልክት አኑሩ።

መቁጠር፣ እና አማርኛ ቆጣሪን የሚያስትበት ቦታ

ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ለአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይሰጣል። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ ደቂቃ፣ ዓረፍተ ነገሩ፣ ማሰሪያ አንቀጹ፣ አድራጊው (እኔ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ፣ ስሙ የተጠራ ሦስተኛ ወገን፣ የለም)፣ ጊዜው (ያለፈ፣ አሁን፣ ወደፊት)፣ ቋንቋው። አሥር ደቂቃ ንግግር በርካታ ደርዘን መስመር ይወጣዋል፤ አይሰልቻችሁ፣ ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

«እኛ» የምትለውን ቃል በመፈለጊያ ሣጥን ቆጥሮ ማቆም ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው። አማርኛ ተናጋሪ «እኛ» ሳይል ሙሉ ቀን ስለ እኛ ሊያወራ ይችላል፤ «ሠርተናል»፣ «እንቀጥላለን»፣ «ከተማችን» ውስጥ «እኛ» አለች። «እን» ብላችሁ ብትፈልጉ ደግሞ «እንደ»፣ «እንዲሁም»፣ «እንጂ»፣ «እንኳን» ይጎርፉባችኋል። «ችን» ብላችሁ ብትፈልጉ «ቤታችን»ም ይመጣል፣ «ቤቶችን»ም ይመጣል፤ የመጀመሪያው የኛ መሆኑን ሲናገር ሁለተኛው ብዙ ቁጥር ተደራጊ ነው። መለያው ከ«ች» በፊት ያለው ፊደል ነው፤ ራብዕ ከሆነ (ታ፣ ባ፣ ማ፣ ቻ) የባለቤትነት ነው፣ ሳብዕ ከሆነ (ቶ፣ ዎ፣ ሮ) የብዙ ቁጥር ነው። «ልጆቻችን» የኛ፤ «ልጆችን» የማንም።

የፊደል ድግግሞሹም አለ። «ሕዝብ» እና «ህዝብ»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀጥታ» እና «ጸጥታ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከመቁጠራችሁ በፊት ጽሑፉን በአንድ አጻጻፍ አስተካክሉ፤ ሁለቱን ንግግሮች ሁለት ሰው ከገለበጠ ይህ ካልተደረገ የምትቆጥሩት የገልባጮቹን የፊደል ልማድ ይሆናል።

ከዚያ ሁሉንም በሺህ ቃል መንዝሩት። ለምሳሌ አንዱ በ1,300 ቃል ንግግር ውስጥ «ሕዝባችን» 26 ጊዜ ቢል በሺህ 20 ነው። ሌላው በ650 ቃል ውስጥ 16 ጊዜ ቢል በሺህ 24.6 ይሆናል። ጥሬው ቁጥር የመጀመሪያውን ያስቀድማል፤ የተመነዘረው ሁለተኛውን።

«እኛ»ን ከቆጠራችሁ በኋላ የትኛዋ «እኛ» እንደሆነች ለዩ። ፈተናው ቀላል ነው፤ በቦታዋ «ፓርቲያችን» የሚለውን ተክታችሁ አንብቡት። «ድልድዩን የሠራነው እኛ ነን» ትርጉሙ አይናጋም፤ ስለዚህ የፓርቲ «እኛ» ናት። «በጎርፉ ወገኖቻችንን ያጣን» ግን ይናጋል፤ የነዋሪ «እኛ» ናት። ሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈባት ድሬዳዋ ውስጥ ይህች ሁለተኛዋ «እኛ» ከባድ ሚዛን አላት። ጎበዝ ተናጋሪ በነዋሪዋ «እኛ» ይጀምርና ሳይታወቅ በፓርቲዋ «እኛ» ይጨርሳል፤ ያዘነው ሁሉም፣ የሠራው ፓርቲው ይሆናል። ሽግግሩ የተደረገባትን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት።

አንድ ልምምድ

ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት አንቀጾች ለልምምድ ብለን የጻፍናቸው እኛ ነን፤ የማንም ፓርቲ አይደሉም። ርዕሱ የድሬዳዋ ውኃ ነው።

ፓርቲ ሀ፣ ሥልጣን ላይ ያለ፦ «የተከበራችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ በሕዝባችን የነቃ ተሳትፎ የከተማችንን የመጠጥ ውኃ ችግር ከሥሩ ለመፍታት ሰፊ ርብርብ ተደርጓል። አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ መስመሮች ተዘርግተዋል። አሁንም አንዳንድ እጥረቶች እንዳሉ እንገነዘባለን። በቀጣይም እጥረቱን ደረጃ በደረጃ ለመቅረፍ ልዩ ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራል።»

ፓርቲ ለ፣ ተፎካካሪ፦ «ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ትናንት ማታ ቧንቧችሁ ውኃ ነበረው? ጉድጓድ ተቆፈረ ይሉናል፤ ጀሪካኑ ግን ባዶ ነው። እነሱ ሪፖርት ይጠጣሉ፤ እናንተ ከቦቴ ትገዛላችሁ። እኛ ብንመረጥ ይህ ይቆማል። የድሬ ሕዝብ ንጹሕ ውኃ ማግኘት አለበት፤ ያገኛልም!»

በጆሮ ሲሰሙ ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። አንዱ የቢሮ ሪፖርት፣ ሌላው የአደባባይ ቁጣ። አሁን ማሰሪያ አንቀጾቹን ብቻ አውጡ። የሀ፦ ተደርጓል፣ ተቆፍረዋል፣ ተዘርግተዋል፣ እንገነዘባለን፣ ይሠራል። ከአምስቱ አራቱ አድራጊ የላቸውም፤ «እኛ» ያለችበት አንዱም የማሰብ እንጂ የማድረግ ግሥ አይደለም። የለ፦ ልጠይቃችሁ፣ ነበረው፣ ይሉናል፣ ነው፣ ይጠጣሉ፣ ትገዛላችሁ፣ ይቆማል፣ አለበት፣ ያገኛል። መጀመሪያ ላይ ሰው ሞልቶበታል፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ይላሉ፣ ይጠጣሉ፣ እናንተ ትገዛላችሁ። ቃል ወደሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግን አድራጊው ይጠፋል። ማን ያስቆመዋል? በምን? «እኛ ብንመረጥ» ውስጥ ያለችው «እኛ» እንኳ የምትመረጥ እንጂ የምትሠራ አይደለችም።

እንግዲህ በወቀሳው ላይ ሁለቱ ይለያያሉ፤ በተስፋው ላይ አንድ ናቸው። «ይሠራል» እና «ይቆማል» ወንድማማች ግሦች ናቸው። ስሜቱን፣ ተረቱንና ድምፀቱን ብቻ ብታነጻጽሩ ኖሮ ይህ አይታይም ነበር።

ለተስፋ ቃል ነጥብ መስጠት

ወደፊትን የሚመለከቱ ማሰሪያ አንቀጾችን ለብቻ አውጡና ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጧቸው። «ቢሠራ መልካም ነው»፣ «መሠራት አለበት» 0 ያገኛል፤ ምኞት ነው። «ይሠራል» (ጠብቆ)፣ «ትኩረት ይሰጠዋል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» 1። «ለመሥራት አቅደናል»፣ «እንጥራለን» 2፤ ሰው አለ፣ የሚያደርገው ግን ማቀድ ነው። «እንሠራለን» 3። «ሁለት ጉድጓድ እናስቆፍራለን» 4። «እስከ መጪው ሰኔ 30 ሁለት ጉድጓድ እናስቆፍራለን» 5፤ አድራጊ፣ መጠንና ቀን ያሟላ። በዚህ መሠረት ከላይ ያለው የሀ ተስፋ 1 ነው፤ የለ ሦስቱ ተስፋዎች 1፣ 0 እና 1።

ቀኑን ስታዩ «በቅርቡ»፣ «በአጭር ጊዜ ውስጥ»፣ «በቀጣይ» ቀን እንዳልሆኑ ልብ በሉ። «በዚህ በጀት ዓመት» ግን ቀን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል።

የነጥቡ አማካይ ብቻውን እንዳያታልላችሁ ስንት ተስፋ እንደተቆጠረም አስቀምጡ። አንዲት ባለ 5 ነጥብ ተስፋ የሰጠ ተናጋሪና አሥራ አምስት ተስፋ አዥጎድጉዶ 2 ያገኘ ተናጋሪ የሚነጻጸሩት በሁለቱም ቁጥር ነው።

ነጥቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ሥልጣኑ የማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገጥምም፣ ግን ብዙ ንግግር የሚፈርሰው እዚህ ነው። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። የከተማው ምክር ቤት ዕጩ ስለ ባቡሩ ወይም ስለ ነጻ ንግድ ቀጠናው ቃል ሲገባ በእጁ የሌለ ነገር እየሰጠ ነው። ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላት መቀመጫ ሁለት ነው፤ ሐረሪ ክልልም ሁለት። ሐረር ላይ የውኃ ተስፋ ሲሰጥም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የከተማዋ ውኃ በድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጉድጓዶች ተስቦ እንደሚመጣ አስቡ፤ ተናጋሪው ከክልሉ ውጭ ካለ አስተዳደር ጋር ስለሚደረግ ስምምነት ምንም ካላለ 5 ነጥቡን ወደ 3 ዝቅ አድርጉት።

ስም አጠራር፣ ዓመት አቆጣጠር

ተቀናቃኙን ማን ብሎ ይጠራዋል? በስሙ፣ በወል ስም («አንዳንድ ኃይሎች»፣ «ጽንፈኞች»፣ «የቀድሞው ሥርዓት ናፋቂዎች»፣ «ባለ ጊዜዎች»)፣ ወይስ ጨርሶ አይጠራውም? ሦስቱን ለየብቻ ቁጠሩ። «አሉ የሚባሉ»፣ «የሚሉ ሰዎች አሉ» የሚሉትን በተለየ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ ባለቤት የሌለው ክስ ተዘርግቶ ወዲያው የሚፈርስባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ክሱን በእርግጥ ያቀረበ ሰው እንዳለ ከሌላኛው ንግግር ፈልጉ። ከ2010 ወዲህ በመንግሥት አነጋገር «ተቃዋሚ» የሚለውን «ተፎካካሪ» የሚለው ተክቶታል፤ ራሱን አሁንም «ተቃዋሚ» ብሎ የሚጠራ ፓርቲ ቢገጥማችሁ በአጋጣሚ አይደለም።

ሕዝቡንስ ምን ይለዋል? «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሕገ መንግሥቱ መግቢያ አነጋገር ነው። «ዜጎች» ሌላ መንገድ ነው፤ «የድሬ ልጅ» ደግሞ ሦስተኛ መንገድ። ድሬዳዋ ውስጥ ሦስቱ ሦስት ፖለቲካ ናቸው ብንል አላጋነንም። ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ የሚለውን የሥልጣን ክፍፍል ተናጋሪው እንዴት እንደሚጠራው ስሙ፤ «40-40-20» ብሎ በቁጥሩ፣ «ፍትሐዊ ውክልና» ብሎ፣ «አግላይ ቀመር» ብሎ፣ ወይስ ዘሎት ያልፋል? ዝምታውም ሠንጠረዡ ላይ ይግባ። «አልተነሣም» የሚል መስመር የሌለው ሠንጠረዥ ጎደሎ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ የከተማዋን ሰባት ስምንት ዋና ጉዳዮች (ውኃ፣ ሥራ፣ መኖሪያ ቤት፣ ጎርፍ መከላከያ፣ ኮንትሮባንድ፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ ጸጥታ) ንግግሩን ከመስማታችሁ በፊት ጻፉ። ከሰማችሁ በኋላ ከጻፋችሁ ተናጋሪው የመረጠላችሁን ብቻ ነው የምትጽፉት።

ዓመትም ወገን አለው። ታሪኩን ከየት ይጀምራል? ከ1966፣ ከ1983፣ ከ1987፣ ከ1997፣ ከ2010? «ያለፉት 27 ዓመታት» ያለ ሰው ከ1983 እስከ 2010 ያለውን ለይቶ ከራሱ እያራቀ ነው። «ባለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት» ያለ ደግሞ የአሁኑንም አብሮ እየቆጠረበት ነው። እያንዳንዱን የጊዜ ወሰን ጻፉና ከጎኑ በወሰኑ ውስጥ ማን ሥልጣን ላይ እንደነበረ አክሉ፤ ሁለት ረድፍ ብቻ ይበቃል።

ቋንቋ ሲቀየር

ድሬዳዋ ላይ አማርኛውን ብቻ ያነጻጸረ ሰው ንግግሩን በግማሽ ነው ያነጻጸረው። በአንድ መድረክ ላይ ሰላምታው በአራት ቋንቋ ይሰጣል፣ ከዚያ ተናጋሪው እየተሻገረ ይሄዳል። የሰላምታውን ቅደም ተከተል ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ምን እንደተሰጠ ለዩ፤ ምስጋናው በየትኛው፣ ተስፋው በየትኛው፣ ወቀሳው በየትኛው? አንዳንዴ ስለ መሬትና ስለ ሥልጣን የሚነገረው በአንዱ፣ ስለ አብሮነትና ስለ ፍቅር የሚነገረው በሌላው ይሆናል። ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን አፍ የፈታበት ሰው ይተርጉምላችሁ፤ መድረኩ ላይ የነበረውን አስተርጓሚ አማርኛ አትውሰዱ፣ አስተርጓሚ ያለዝባል። የነጥብ መስጫውም በትርጉሙ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ቋንቋ ግሥ ላይ ይሥራ፤ ተርጓሚው አድራጊ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ይንገራችሁ።

አነጋገሩም እንደ ከተማው ነው። ድሬ አንቱታ አታበዛም፤ «አቦ» ብሎ አንተ እያለ የሚያወራ ዕጩ ንቀት አላሳየም፣ የአገሩን ልጅነት እያስመሰከረ ነው። ያው አነጋገር ከሌላ ከተማ በመጣ እንግዳ አፍ ሲገባ ደግሞ ብልጣብልጥነት ይመስላል። ስለዚህ የአክብሮት አጠራርን ስትመዝኑ ተናጋሪው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ፍርድ አትስጡ።

ተረት፣ ጥያቄ፣ ዘይቤ

እነዚህን በአጭሩ እንለፋቸው፤ መቁጠር እንጂ ብዙ መተንተን አያስፈልጋቸውም። ተረትና ምሳሌን ከአንቀጹ አውጡና የቀረውን አንብቡ፤ ክርክሩ ቆሞ ከቀረ ተረቱ ማጣፈጫ ነበር፣ ከፈረሰ ተረቱ ራሱ ማስረጃ ተደርጎ ነበር ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሁሉም አፍ ስለሚወጣ ምንም አይለይም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» ግን ብዙውን ጊዜ የተፎካካሪ መሣሪያ ነው። ጥያቄዎችን መልስ የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው ብላችሁ ክፈሉ። ለዘይቤ ምንጩን ብቻ ጻፉ፦ ቤት፣ ጉዞ፣ በሽታ፣ ጦርነት። «ርብርብ»፣ «ዘመቻ»፣ «ግንባር» የጦርነት ናቸው፣ ተናጋሪው ስለ ጽዳት እያወራም ቢሆን። ተቀናቃኙ በበሽታ ወይም በተባይ ሲመሰል ግን ቁጥሩ ላይ ብቻ አታቁሙ፤ ለብቻው አውጡት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚነሣው ከእንዲህ ያለው አካባቢ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ቆርጣችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ ብትለጥፉት እናንተም ማሠራጨታችሁ ነው።

ቁጥር ሲጠራ

ገዥ ፓርቲ በመቶኛ ያወራል፣ ተፎካካሪ በአንድ ቤተሰብ ታሪክ። ሁለቱም ማስረጃ ናቸው፣ ሁለቱም ይጎድላቸዋል። ለመቶኛው ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፤ ከስንት ተነሥቶ? ከስንት ሰው? በየትኛው ዓመት? ሁለተኛው በተለይ ከባድ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ ክልል 183,415 ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠራው የሕዝብ ብዛት ሁሉ ትንበያ ነው፤ «የውኃ ሽፋናችን ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» ሲባል አካፋዩ ትንበያ መሆኑን ማስታወሻ ውስጥ አስገቡ። ሽፋን ማለትም ቧንቧ መድረሱ እንጂ ውኃ በየቀኑ መምጣቱ አይደለም፤ ሀ እና ለ ስለ ውኃ ሲጣሉ ብዙ ጊዜ አንዱ ስለ ቧንቧው፣ ሌላው ስለ ጠብታው ነው የሚያወራው። ለቤተሰቡ ታሪክ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይህ ቤተሰብ ከስንቱ አንዱ ነው?

ሁለት ዓይን

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የፓርቲዎቹን ስም፣ የዕጩዎቹን ስምና ቀለማቸውን የሚያሳብቅ ቃል ሁሉ በ«ሀ» እና «ለ» ተኩና ከመስመሮቹ አንድ አሥረኛውን ለሁለተኛው ሰው ስጡት። የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ራሱ ይሙላ። ከ12 መስመር 10 ላይ ከተስማማችሁ 83 በመቶ ነው፣ ይበቃል። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ አትከራከሩ፤ የተለያያችሁባቸውን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና የነጥብ መስጫውን ቃል አጥሩ። አብዛኛው ልዩነት «አቅደናል» እና «እንሠራለን» መካከል ወይም የትኛዋ «እኛ» እንደሆነች ላይ ይሆናል። አጥርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያ ቁጠሩ፤ የተከራከራችሁባቸውን ብቻ ማስተካከል አይበቃም።

ስትጽፉት ለሁለቱም ፓርቲ ያው ግሥ ይሰጣቸው። አንዱ «ገለጸ»፣ ሌላው «ከሰሰ» ወይም «ለፈፈ» ከሆነ ሠንጠረዡ ምንም ቢል አንባቢው ወገናችሁን ከዚያ ያነበዋል። ለሁለቱም «አለ» በቂ ነው። ቀጥሎ የወሰዳችሁትን ንግግር ቀን፣ ቦታና የደቂቃ ርዝመት፣ ያልተሰሙትን ግሦች ብዛትና የስምምነታችሁን መቶኛ ከላይ አስቀምጡ። ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት የወጣ ማነጻጸሪያ እንደ ቅስቀሳ ሊታይ ስለሚችል ወይ ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ ወይ ድምፅ እስኪሰጥ አቆዩት።

4 እና 5 ነጥብ ያገኙትን ተስፋዎች ለብቻ ገልብጣችሁ፣ ከቀኑ ጋር፣ በሌላ ፋይል አኑሩ። ሐምሌ ላይ የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ለምክር ቤት ሲቀርብ ማሰሪያ አንቀጹ ከ«እናስቆፍራለን» ወደ «ተቆፍሯል» ዞሮ እንደሆነ፣ ወይም «በመቆፈር ላይ ይገኛል» ላይ ቆሞ እንደሆነ፣ በዚያው ሠንጠረዥ ቀጣይ ዓምድ ላይ ይሞላል።